አብሮ ማየት፦ ቴአትር በማኅበረሰብ ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ ተከታታይ ድራማ ብዙ ተመልካች ባገኘ ቁጥር ሁለት ፍርዶች ይከተሉታል። አንዱ «ትውልዱን አበላሸ» ይላል፤ ሌላው «ማኅበረሰቡን እያስተማረ ነው» ብሎ ያወድሰዋል። ነገሩ ወደ መድረክ ቴአትር ሲዞር ደግሞ ሦስተኛ ፍርድ ይታከላል፤ ጊዜው አልፎበታል፣ አሁን ሁሉም በስልክ ይታያል የሚል። ሦስቱ ፍርዶች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ከአንድ ግምት የተነሡ ናቸው። ቴአትርንና ድራማን የሚያዩት እንደ መልእክት ማጓጓዣ ነው። መልእክቱ ደግ ከሆነ ሰው ይታነጻል፤ ክፉ ከሆነ ይበላሻል፤ መልእክቱን በሌላ መንገድ ማድረስ ከተቻለ አዳራሹም መድረኩም ትርፍ ነው።

ይህን ግምት ታሪክ አይደግፈውም፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ የመስክ ጥናቶችም አይደግፉትም። ድራማ ሰውን ይለውጣል፤ የሚለውጥበት መንገድ ግን ከስብከትም ከመማሪያ ክፍልም ይለያል። ልዩነቱ ካልተስተዋለ ገንዘብ የሚመድበው ተቋም ፍሬ የማይሰጥ ሥራ ያሠራል፣ ተቆጣጣሪው የማይመለከተውን ይቆጣጠራል፣ የጥበቡ ባለሙያም በማይመጥነው ሚዛን ሲመዘን ይኖራል።

ቃላቱን እንለይ

ቴአትር ከግሪክኛው «ቴአትሮን» የመጣ ቃል ነው፤ የሚታይበት ሥፍራ ማለት ነው። ድራማም ግሪክኛ ነው፤ ማድረግ፣ መፈጸም ከሚል ግሥ ወጥቷል። እንግዲህ አንዱ ቃል የተመልካቹን ወገን ይዟል፤ ሌላው የተዋናዩን። ተውኔት ከግዕዝ የተወረሰ ነው፤ ሥሩ መጫወት ነው፣ ተዋናይም ከዚያው ይወጣል። በዛሬው አማርኛ ተውኔት ስንል በአብዛኛው የተጻፈውን ድርሰት፣ ቴአትር ስንል መድረክ ላይ የሚቀርበውን፣ ድራማ ስንል ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚመጣውን ማለታችን ነው።

ሌላም አጠቃቀም አለ። አንድ ሰው ሲያስመስል «ድራማ ሠራ» ይባላል፤ ለካሜራ ሲባል የተደረገ ነገርም «ቴአትር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር ማስመሰልንና ማታለልን አንድ ያደርጋቸዋል። አታላይ ማስመሰሉ እንዳይታወቅበት ይደክማል። ተዋናይ ግን ንጉሥ አለመሆኑን እሱም ያውቃል፣ ተመልካቹም ያውቃል። ዘውዱ ከካርቶን መሠራቱ እየታየ «ንጉሥ ነው እንበል» ብለው ይስማማሉ። ስምምነቱ ግልጽ በመሆኑ ነው በእውኑ ሕይወት ፊት ለፊት ለማየት የማንደፍረውን፣ ግድያን፣ ክህደትን፣ የራሳችንን ውርደት ሳይቀር፣ ተቀምጠን ማየት የምንችለው።

የቆየው ሙግት

ቴአትር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር እጅግ ያረጀ ነው። ፕላቶ ድራማ ሊደርቁ የሚገባቸውን ስሜቶች ውኃ ያጠጣቸዋል ብሎ ከሰሰው። ደቀ መዝሙሩ አሪስቶትል በተቃራኒው፣ አሳዛኝ ተውኔት ፍርሃትንና ርኅራኄን ቀስቅሶ «ካታርሲስ» ያስገኛል አለ። ካታርሲስ በጥሬው መንጻት ነው፤ የሚነጻው ስሜቱ ይሁን ሰውየው ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬሽት ተመልካች በስሜት ከተዋጠ ማሰቡን ያቆማል ብሎ ተነሣ። ስለዚህ መብራቱም፣ ዘፈኑም፣ የተዋናዩ አነጋገርም ተመልካቹን ቴአትር እያየ መሆኑን እያስታወሱ ለፍርድ ሊያነቁት ይገባል አለ።

ሦስቱም ዛሬ ድረስ የሚሠራባቸው ሐሳቦች ናቸው። በዋናነት የሚጠይቁት ግን በአንድ ተመልካች ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። በተመልካቾች መካከል የሚሆነው ነገር የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። የቴአትር ማኅበራዊ ኃይል በአመዛኙ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

የአንድ ሺህ ድራክማ ቅጣት

የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ያቆየልን አንድ ታሪክ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 ፋርሶች ሚሊጢን የተባለችውን፣ አቴናውያን እንደ ዘመድ የሚቆጥሯትን ከተማ ያዙ፤ ሕዝቧንም ማርከው ወሰዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍሪኒኮስ የተባለ ጸሐፊ ተውኔት የከተማይቱን መውደቅ ለአቴና ተመልካች በቴአትር አቀረበ። ተመልካቹ አለቀሰ። ከዚያም አቴናውያን የገዛ መከራቸውን ስላስታወሳቸው ፍሪኒኮስን አንድ ሺህ ድራክማ ቀጡት፤ ያን ተውኔት ወደፊት ማንም እንዳያሳየውም ከለከሉ።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሚሊጢን መውደቋን ያልሰማ አቴናዊ ይኖራል ተብሎ አይታሰብም። ፍሪኒኮስ አዲስ ወሬ አላመጣም፤ ምክርም መስጠቱ አልተነገረም። አዲሱ ነገር የልቅሶው ቦታ ነበር። የግሪክ ቴአትር የሚታየው ከሰማይ በታች፣ በቀን ብርሃን ነው። መብራት አጥፍቶ ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ስለዚህ መድረኩን የሚያየው ሰው የጎረቤቱን ፊትም ያያል፤ እንባውን ሲጠርግ ጎረቤቱም ያየዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱ በቤቱ የያዘው ሐዘን የከተማው ሐዘን ሆነ። ከዚያ በኋላ «ሌላው ረስቶታል» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። ቅጣቱ የተቆረጠው በዚህ ላይ ይመስላል።

በ472 ደግሞ እስኪለስ ከዚያው ጦርነት ሌላ ገጽ ይዞ መጣ። ግሪኮች በሳላሚስ የባሕር ውጊያ ፋርሶችን ካሸነፉ ስምንት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ በዚያ ውጊያ መርከብ የቀዘፉ ሰዎች እንደሚሆኑ መገመት ይቻላል፤ እስኪለስ ራሱም በማራቶን ከፋርሶች ጋር የተዋጋ ወታደር ነበር። ተውኔቱ ግን ድሉን የሚያሳየው ከተሸናፊው ግቢ ነው። የፋርስ ንጉሥ እናት ልጇን ትጠብቃለች፤ መልእክተኛ መጥቶ የሞቱትን አዛዦች ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። መድረኩ ላይ አንድም የግሪክ ሰው የለም። ድል አድራጊው ሕዝብ ተሰብስቦ የጠላቱን እናት ልቅሶ ሰማ፤ ተውኔቱም አንደኛ ወጣ። በአደባባይ ንግግር ይህን ማድረግ የሚቻል አይመስልም፤ ተናጋሪው ከሃዲ ይባላል። «ነው እንበል» የሚለው ስምምነት የሰጠው ነፃነት ነው።

የጋራ ዕውቀት ማለት ምን ማለት ነው?

የምጣኔ ሀብትና የፍልስፍና ሊቃውንት «የጋራ ዕውቀት» የሚሉት ጽንሰ ሐሳብ ይህን ለማስረዳት ይጠቅማል። አንድን ነገር ሁሉም ማወቁ አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ማወቁን ሁሉም ማወቁ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ አለቃ ሌባ መሆኑን መቶ ሠራተኞች ያውቃሉ እንበል። እያንዳንዱ ግን «ሌላው አያውቅም፤ ቢያውቅም አይደግፈኝም» ብሎ ይፈራል። መቶው ሰው በየልቡ አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዞ መቶው ብቻውን ነው። አሁን እነዚሁ ሰዎች አንድ አዳራሽ ተቀምጠው መድረክ ላይ የሚታይ አለቃ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ስለ ታማኝነት ሲናገር ያዩታል። ሳቁ ከየማዕዘኑ በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። ሳቅን ማንም አያዝዘውም፤ ከወጣ በኋላም መመለስ አይቻልም። በዚያች ቅጽበት መቶው ሰው አንዱ የሌላውን ልብ ሰማ። የተማሩት አዲስ ነገር የለም፤ በየግል ያውቁት የነበረው ግን የጋራ ሆነ።

የመድረክ ሰዎች ይህን በሥራቸው ያውቁታል። ያው ቃለ ተውኔት፣ ያው ተዋናይ፣ አንድ ቀን ሞቅ ሌላ ቀን ቀዝቀዝ ይላል፤ ልዩነቱ የዚያ ቀን ታዳሚ ነው። ግማሽ አዳራሽ ባዶ ሲሆን ብዙ የሚያስቅ ንግግር ዝም ይባልበታል። ተመልካች የቴአትሩ ግማሽ አካል ነው ሲባል ለማወደስ የተነገረ ቃል አይደለም፤ አሠራሩ ነው።

ከሩዋንዳ የተገኘ ማስረጃ

ይህ ሐሳብ በመስክ ተፈትኗል። በሩዋንዳ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ «ሙሴኬዌያ»፣ ትርጉሙም «አዲስ ጎህ»፣ የተባለ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ይተላለፍ ነበር። ድራማው የ1994ቱን የዘር ፍጅት በቀጥታ አይተርክም። የሁለት ልብ ወለድ መንደሮች ታሪክ ነው፤ መሬት ይጠባል፣ አንዱ መንደር ሲደላው ሌላው ይቸገራል፣ ጠብ የሚያነሣሣ መሪ ይነሣል፣ ጥቃት ይፈጸማል፣ ከሁለቱ ወገን የሆኑ ወጣቶችም ይፋቀራሉ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሌቪ ፓሉክ ውጤቱን ለመለካት ማኅበረሰቦችን በሁለት ከፈለች። አንዱ ወገን ይህን ድራማ፣ ሌላው ስለ ጤና የሚያወሳ ድራማ ለአንድ ዓመት ያህል በቡድን እየሆነ አዳመጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት «ድራማ ያስተምራል» የሚሉትንም «አይጠቅምም» የሚሉትንም የሚያስደስት አልነበረም። አድማጮቹ ድራማው ሊያስተምራቸው የፈለገውን ሐሳብ እንደ ግል እምነታቸው አልተቀበሉትም። የተለወጠው ሌሎች ሰዎች ምን ያስባሉ፣ በእኛ ዘንድ ምን ማድረግ ይፈቀዳል የሚለው ግምታቸው ነው። ከሌላው ወገን ጋር መጋባት፣ አለመስማማትን በግልጽ መናገር፣ የደረሰን ጉዳት አውጥቶ ማውራት በማኅበረሰቡ ዘንድ ያለው ቦታ የተለወጠ መሰላቸው። አድራጎታቸውም ይህን ተከተለ።

አድራጎታቸው የታየው በአንድ ትንሽ ነገር ነው። በጥናቱ ማብቂያ ለየቡድኑ አንድ የካሴት ማጫወቻና የድራማው ካሴቶች በስጦታ ተሰጡ፤ ማን ዘንድ እንደሚቀመጡ ግን አልተወሰነም። የጤናውን ድራማ ሲያዳምጡ በቆዩት ዘንድ የአካባቢው ሹም ይያዘው የሚል ሐሳብ ይቀርባል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ሙሴኬዌያን ባዳመጡት ዘንድ ግን የሚቃወም ድምፅ ወጣ፤ ለምን ሹሙ፣ ራሳችን እየተጋገዝን ለምን አንይዘውም የሚል ክርክር ተነሣ። ታዛዥነት ለጅምላ ግድያ መሣሪያ በሆነበት አገር፣ ስለ አንድ ካሴት ማጫወቻ «አይሆንም» ብሎ መከራከር ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም። ሩዋንዳ ከፍጅት የወጣች አገር ናት፤ ያዩት ለውጥ በሌላ ቦታ በዚያው ልክ ይደገማል ማለት አይቻልም። ግኝቱ ግን ከአቴናው ታሪክ ጋር ይገጥማል፤ ድራማ ከግል እምነት ይልቅ በማኅበራዊ ደንብ ላይ ይሠራል። ሰው ደግሞ በየቀኑ የሚመላለሰው ከእምነቱ ይልቅ «ሰው ምን ይለኛል» በሚለው ነው።

ትምህርት ሲበዛ

ይህ ከሆነ መድረክ ላይ ንግግር ማብዛት ለምን እንደማይሠራ መረዳት አያስቸግርም። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጉቦ ስለመቀበሉ የሚተርክ ድራማ እናስብ። በአንደኛው አጻጻፍ ጓደኛው ተነሥቶ ስለ ሙስና ጉዳት ረጅም ንግግር ያደርግለታል። ተመልካቹ በዚያች ደቂቃ የሚሰማው ወጪውን የሸፈነውን ድርጅት ድምፅ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሞቷል። በሁለተኛው አጻጻፍ ሰውየው ፖስታውን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይገባል። ልጁ የተገዛላትን አዲስ ጫማ አድርጋ ከፊቱ ትቆማለች፤ «ያምራል?» ትለዋለች። እሱ ጫማውን ያያል፤ ፊቷን አያይም። ሌላ ቃል አያስፈልግም። አዳራሹ ዝም ካለ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው።

ሳያስተምሩ መለወጥ እንደሚቻል ከሚያሳዩት ጥናቶች ሰፊው ከብራዚል የመጣ ነው። በዚያች አገር አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው የልጅ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1960 ከስድስት በላይ ነበር፤ በ2000 ወደ ሁለት ከምናምን ወረደ። ተከታታይ ድራማ የሚያሰራጨው ትልቁ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ ወደየአካባቢው የገባበት ጊዜ ይለያይ ስለነበር ተመራማሪዎች ቀድሞ የደረሰበትንና ዘግይቶ የደረሰበትን ማነጻጸር ቻሉ። በ2012 በታተመው ጥናት መሠረት ጣቢያው በደረሰበት አካባቢ የወሊድ ቁጥር ተጨማሪ ቅናሽ አሳይቷል፤ ውጤቱም ዝቅተኛ ኑሮ ባላቸው ሴቶች ዘንድ ጎልቶ ታይቷል። እነዚያ ድራማዎች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት አልነበሩም። ፍቅር፣ ቅናትና ውርስ ነበር ጉዳያቸው። ብቻ ዋና ዋናዎቹ ሴት ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው ልጅ የላቸውም፣ ወይም አንድ ልጅ ብቻ አላቸው። ለዓመታት በየምሽቱ ሚሊዮኖች ያዩት ትንሽ ቤተሰብ ቀስ በቀስ የተለመደ ኑሮ መሰለ። ለወሊድ መቀነስ ከተማ መግባት፣ የሴቶች ትምህርትና የሕክምና አገልግሎት ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ጥናቱም ድራማውን የብቻ ምክንያት አላደረገውም።

ሆን ተብሎ ለማስተማር የሚሠሩ ድራማዎችም ከሽንፈት የሚድኑት ይህን ሲያውቁ ነው። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ ያዳበረው ዘዴ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያትን ያሰልፋል፤ ደጉን፣ ክፉውንና በመካከል የሚዋልለውን። አድማጭ ልቡን የሚሰጠው ለሦስተኛው ነው፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ዋጋ ይከፍላል፣ በብዙ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ይለወጣል። በአማርኛ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በዚህ ዘዴ የተሠራ ነበር። ደጉ ገጸ ባሕርይ ብቻውን የቆመበት ድራማ ግን ያመኑትን ያስደስታል እንጂ የሚያመነታውን አይደርስበትም።

ሳንሱር ከመጽሐፍ ይልቅ መድረክን የፈራው ለምንድን ነው?

ሳንሱር አንድ ሥራ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በባለሥልጣን መመርመሩ ነው። በእንግሊዝ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድድ የነበረው ሕግ በ1695 ቀረ። ቴአትር ግን በ1737 በወጣ ሕግ በቅድሚያ ምርመራ ሥር ገባ፤ ጸሐፊ ተውኔት ድርሰቱን ለቤተ መንግሥቱ ሹም አቅርቦ ካላስፈቀደ መድረክ ላይ አይወጣም። ይህ የተሻረው በ1968 ነው። ማንም ገዝቶ ሊያነበው የሚችለውን ቃል ተዋናይ ጮክ ብሎ እንዳይናገረው 231 ዓመት ሙሉ ተጠበቀ። ፍርሃቱ ከቃሉ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉም ይከለከል ነበር። የተፈራው አብሮ መስማቱ ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊው ተውኔት መጀመሪያ የሆነው፣ እንስሳትን ገጸ ባሕርያት አድርጎ አስተዳደርን የተቸው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ በ1910ዎቹ ዓመተ ምሕረት እንደታየ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንስሳ ማን እንደሆነ ተመልካቹ አላጣውም።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ግን የኬንያው ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት ሥራዎችን አቀረበ። አንዱ ከነፃነት በኋላ የመጣውን ገዢ መደብ አጥብቆ የሚነቅፍ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው፤ አልታገደም። ሌላው ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በጊኩዩ ቋንቋ የጻፈው፣ መሬቱን ስለተነጠቀ ገበሬ የሚያወሳ ተውኔት ነው። ይህ በካሚሪቱ መንደር፣ ነዋሪዎቹ በገዛ እጃቸው በሠሩት ጣራ የሌለው ቴአትር ውስጥ ታየ። ተዋናዮቹ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ልምምዱ በአደባባይ ይካሄድ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም» እያለ ቋንቋውን ያርም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈቃዱ ተነጠቀ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያለ ፍርድ ታሰረ። በ1982 ቴአትሩም ፈረሰ። ልቦለዱን ያነበበው ተማሪ ብቻውን ተናደደ። ካሚሪቱ ላይ ግን መሬት አልባው ሰው መሬት አልባ ሆኖ ሲጫወት፣ በአካባቢው ያለ ሁሉ አየው።

ለቁጥጥር የሚቆሙት ወገኖች የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የተሰበሰበ ሕዝብ በቀላሉ ይቀጣጠላል ይላሉ። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከራሱ ከቴአትር ታሪክ ይገኛል።

ያው ኃይል ለጥላቻ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳዩ ተውኔቶች በየከተማው ይታዩ ነበር። በብዙዎቹ ውስጥ አይሁድ አንድ ላይ እንደ ወንጀለኛ ሕዝብ ይሣላሉ። ሰዉ ከቴአትሩ የሚወጣው ጥላቻው የግሉ ብቻ እንዳልሆነ አይቶ ነው፤ ይህም የአይሁድን ሠፈር ለአደጋ ያጋልጥ ነበር።

ከእነዚህ ተውኔቶች ታዋቂው በጀርመን ኦበራመርጋው መንደር የሚታየው ነው። መንደሩ ከወረርሽኝ ለመዳን ተስሎ በ1634 ጀመረው፤ በየአሥር ዓመቱ የማሳየቱ ልማድ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በ1934 ሦስት መቶኛ ዓመቱ ሲከበር ሂትለር መጥቶ አየው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደረሰበት ወቀሳ ግን በረታ፤ ድርሰቱ ተደጋግሞ ተሻሻለ። ሕዝቡ «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» የሚለው ቃል በ2000 ከመድረኩ ወጣ፤ ኢየሱስም አይሁዳዊ መምህር መሆኑ እንዲታይ ተደረገ። መንደሩ ስእለቱን አላፈረሰም፣ ተውኔቱንም አልተወም፤ አስተካከለው። ይህ የሆነው በሳንሱር ትእዛዝ አይደለም፤ ለዓመታት በቀጠለ ትችት፣ በተቺዎችና በመንደሩ ሰዎች መካከል በተደረገ ውይይት ነው። እርማቱም ዝግ ያለ ነበር፤ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

ቁጥጥርን በተመለከተ ያለኝ ፍርድ ከዚህ ይነሣል። ሳንሱር ክፉውን ተውኔት ከመከልከሉ በፊት እርማት የሚመጣበትን መንገድ፣ ማለትም ትችትን፣ አብሮ ይዘጋል። በሥልጣን ላይ ያለው ወገን ራሱ ጥላቻን ሲፈልግ ደግሞ ሳንሱር ምንም አያድንም።

ስልክ፣ ወጪና ባዶ ወንበር

አሁን ወደ ሦስተኛው ፍርድ፣ «ጊዜው አልፎበታል» ወደሚለው እንመለስ። ቴአትርን ያስጨነቀው የስልኩ መምጣት ብቻ አይደለም፤ የቆየ የምጣኔ ሀብት ችግርም አለበት። አሜሪካዊያኑ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 እንዳስረዱት፣ ፋብሪካ በአዲስ መሣሪያ በአንድ ሰዓት የሚያመርተውን እያበዛ ይሄዳል፤ ደመወዝም አብሮ ያድጋል። ስምንት ተዋናዮች የሚጠይቅ የሁለት ሰዓት ቴአትር ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስምንት ሰውና ሁለት ሰዓት ፈለገ፤ ዛሬም ያንኑ ይፈልጋል። ተዋናዩ ግን የሚኖረው በዛሬ የኑሮ ውድነት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ባይሰንፉም፣ ተመልካቹ ባይቀንስም ወጪው ከሌላው ሸቀጥ ፈጥኖ ይጨምራል። ይህን «የወጪ ሕመም» ይሉታል።

የሚያስከትለው ነገር ከወዲሁ ይታያል። መግቢያው ሲወደድ ታዳሚው ከአንድ የኑሮ ደረጃ ብቻ የመጣ ይሆናል፤ አለቃውና ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ካልሳቁ ደግሞ ያ የጋራ ዕውቀት አይፈጠርም። ጸሐፊዎች ወጪ ለመቀነስ የሁለትና የሦስት ሰው ተውኔት ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ግሩም ነው፤ አደባባይን፣ ሠልፍን፣ ሸንጎን ማሳየት ግን ከባድ ይሆናል። አዘጋጆች አዲስ ድርሰት ከመሞከር የታወቀ ስም መድገም ይመርጣሉ። በ2020 በኮሮና ምክንያት የዓለም ቴአትር ቤቶች በሮች ሲዘጉ፣ የኒው ዮርኩ ብሮድዌይ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ጨለማ ሆኖ ቆየ፤ ብዙ ባለሙያዎችም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ።

በስልክ የሚታየው ድራማ ምን ያህሉን ይተካል? ብዙውን ይተካል የሚሉ ወገኖች ጥሩ ምክንያት አላቸው። ከከተማ ርቆ የሚኖር፣ መግቢያ መክፈል የማይችል፣ በአካል ጉዳት ምክንያት አዳራሹን መድረስ ያልቻለ ሰው ዛሬ ታላላቅ ተዋናዮችን ያያል። ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ ቴአትርን የሚወድ ሰው ሊያቃልለው አይገባም። የብራዚሉ ጥናትም ስክሪን ማኅበረሰብን እንደሚለውጥ ያሳያል። ነገር ግን የብራዚል ቤተሰቦች ያንኑ ድራማ በአንድ ሰዓት አይተው በማግሥቱ በየሥራ ቦታው ያወሩት ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ የፈለገውን በፈለገው ሰዓት ያያል፤ ስልኩም የሚያሳየው ቀድሞ የወደደውን የሚመስለውን ነው። አብሮት የሚስቀው ከእሱ ጋር የሚስማማው ነው። ከጎኑ የተቀመጠ፣ በማያስቅ ቦታ የሚስቅ፣ በሚያስቅ ቦታ ፊቱ የሚከፋ እንግዳ ሰው የለም። በአዳራሽ ውስጥ ያን ሰው መምረጥም ማጥፋትም አይቻልም።

ወደፊት ተስፋ የሚጣልባቸው ሥራዎች ብዙ ጊዜ ትልቅ አዳራሽ የማይጠይቁ ናቸው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1971 በወታደራዊው መንግሥት ታስሮ ከተሰደደ በኋላ ያዳበረው «ፎረም ቴአትር» አንዱ ነው። ተዋናዮች የአካባቢውን ችግር የያዘ አጭር ታሪክ ያሳያሉ፤ ታሪኩ በሽንፈት ያልቃል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጫወቱታል፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንኛውም ተመልካች «ቁም» ብሎ የተበዳዩን ቦታ ሊይዝና የተለየ ነገር ሊሞክር ይችላል። ቦአል ሐሳቡ የመጣለት በፔሩ ነው ይላል። ተመልካቾች ምክር ይሰጣሉ፣ ተዋናዮች ይጫወቱታል። አንዲት ሴት ባሏ ስላታለላት ሚስት ምክር ሰጠች፤ ተዋናይዋ ተጫወተችው፤ ሴትየዋ «እንደዚያ አላልኩም» አለች። ደገሙት፤ አሁንም አልሆነም። ሦስተኛም ሞከሩ። በመጨረሻ ቦአል ጨነቀውና ወደ መድረኩ ወጥታ ራሷ እንድታሳያቸው ጠየቃት። ሴትየዋ ተነሥታ ወጣች።

ከስደት ሲመለስ ቦአል የሪዮ ዴ ጄኔሮ ምክር ቤት አባል ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 አገለገለ። የቴአትር ቡድኖቹን ወደየሠፈሩ ላከ፤ ነዋሪዎች መድረክ ላይ የሞከሯቸውን መፍትሔዎች የሕግ ባለሙያዎች እያረቀቁ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። 13 ሕጎች ጸደቁ።